ጋሼን ያረምኩበት ቀን

አጎቴን፣ ጋሼን፣ ስለ ሶማሊያው ጦርነት ለመቅዳት መርሐቤቴ ድረስ ወረድኩ። ዝግጅቱ ምንም አይደለም። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደረግኩ፣ ረከቦቱን ራቅ አስደረግኩ። ሲኒ ሲንቃጨል ቅጂ ያበላሻል።

ፎቶ የለንም። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን አያቴ ያለውን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። ያኔ «የደርግ ወታደር» መባል ያስፈራ ነበር። የአገልግሎት ማስረጃ ፍለጋም አንድ መሥሪያ ቤት ተመላልሻለሁ። ሰውየው የመለያ ቁጥር ጠየቀኝ። ጋሼ ቁጥራቸውን እስከ ዛሬ በቃላቸው ይዘውታል፤ ነገርኩት። «በቃል አይሆንም፣ ደብዳቤ አምጣ» አለኝ። ከማን? ደብዳቤውን የሚጽፈው ሠራዊት ከተበተነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሦስት ጊዜ ሄጄ ተውኩት። በሰውየው ስናደድ ከርሜ፣ የባሰውን ራሴ ሠራሁት።

ያማከርኳቸው ሁሉ «ቀድመህ ታሪኩን አንብብ፣ ቀኑን አጣራ» ይሉኛል። አነበብኩ። ጅጅጋ በመስከረም 1970 በሶማሊያ ጦር ተያዘች፤ የካቲት 26 የካራማራ ምሽግ ተሰብሮ ተመለሰች። እንደ ተማሪ ሸምድጄ ሄድኩ።

ጋሼ ጥሩ ጀምረው ነበር። በ1969 ከእርሻቸው ተነሥተው ታጠቅ ጦር ሰፈር ሲገቡ፣ ከተኩሱ ይልቅ በግራ ቀኝ እኩል መርገጡ እንዳስቸገራቸው እየሳቁ ነገሩኝ። ድሬዳዋን፣ ሐረርን አለፍን። ካራማራ ደረስን።

«ያን ዕለት ቅበላ ነበር» አሉ። «ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ። እኔና አንድ የመንዝ ልጅ ኮቾሯችንን ይዘን...»

አቋረጥኳቸው።

«ጋሼ፣ የካቲት 26 እኮ ነው። ጾሙ የሚገባው መጋቢት ላይ አይደል?»

ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ሚሚ የምትባለው የአክስቴ ልጅ እንኳ ጀርባዬን ቆነጠጠችኝ። ጋሼ ትንሽ አዩኝና «ካወቅኸው እኔን ምን ታስለፈልፈኛለህ?» አሉ። ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ቅጂው ላይ 14ኛው ደቂቃ ላይ «ቀጭ» ሲል ይሰማል። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ስለ በሬ ነው። ልቀጥል ብዬ ወረቀት ላይ የጻፍኳቸውን ጥያቄዎች በተራ ስጠይቅ «እ» እና «ኧረ እንጃ» ብቻ ነው የመለሱልኝ። ይህን ቅጂ ለማንም አላሰማሁም፤ የራሴ ድምፅ ያሳፍረኛል። መርማሪ ፖሊስ ነው የምመስለው።

ከወራት በኋላ የሰፈራችንን መሪጌታ በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያኑ የጾምና የበዓል ስሌት፣ አስቆጠርኳቸው። በ1970 ጾመ ነነዌ የገባችው የካቲት 13 ነው። ዐቢይ ጾም ከዚያ በ14 ቀን፣ ሰኞ የካቲት 27 ያዘ። የካቲት 26 እሑድ ነበር። ቅበላ! የእኔ ቀንና የእሳቸው ቀን አንድ ነበሩ፤ እሳቸው ግን የእኔ ወረቀት የማያውቀውን ጨምረው ያውቁ ነበር።

ስለዚህ «ቀድመህ አንብብ» የሚላችሁን አትስሙ። ካነበባችሁም አፋችሁን ዝጉ። «ስንት ዓ.ም.?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ የእኛ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት በጾም፣ በመኸር፣ በበዓል ነው። ምን በሉ፣ ከማን ጎን አደሩ፣ ጫማቸው ምን ነበር፣ ይህን ጠይቁ። ቢሳሳቱ ይሳሳቱ። ማረም ካማራችሁ ቤታችሁ ገብታችሁ ደብተራችሁ ላይ አርሙ። የጓዶቻቸውን ስም ደግሞ ለመጨረሻ አታቆዩ፤ እኔ አቆይቼ ነው የተቀጣሁት።

ባለፈው ጥቅምት ተመልሼ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ልክ ነበሩ። ቅበላ ነበር» አልኳቸው።

«እሱማ ነበር» አሉ፣ ሳይገረሙ።

«የመንዙ ልጅስ?»

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡና፣ ዘንድሮ ማሽላውን ወፍ እንዴት እንደጨረሰባቸው ይነግሩኝ ጀመር።