ሊታጠፍ የነበረው ጠርዝ

እኔ ያለሁበት ፍሬም ቤት የሚመጣው ሥራ አብዛኛው የሠርግ ፎቶና የምርቃት ሰርተፍኬት ነው። አንድ ቀን ግን አንዲት እናት የአባታቸውን ሥዕል በነጠላ ጠቅልለው ይዘው መጡ። አባት በጥበቃ ሥራ የኖሩ፣ አሳሳል ከማንም ያልተማሩ ሰው ነበሩ። አቡጀዲው ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፤ ከእግሯ ሥር የሰፈሩ ሰው ከነስሙ ተደርድሯል፦ ጉሊት ቸርቻሪዋ፣ ቦኖ ጠባቂው፣ የዕድሩ ጡሩንባ ነፊ። ሰፈሩ ዛሬ ፈርሷል።

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያ ቦታ የአሠሪው ነው። ሥዕሉን ያሠራው መኰንን ወይም ወይዘሮ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍቶ፣ ስሙ ተጽፎለት ይሳላል። እኚህ ዘበኛ ግን ቦታውን ለጎረቤቶቻቸው ሰጡት። ይህን ሳይ ልቤ ተነካ።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ተሠርቶ ከተቀመጠ ፍሬም ጋር ቢለካው ግራው ጠርዝ ተረፈበት። «ጋሼ፣ ይቺን ወደኋላ አጥፈን ብንመታት አይታወቅም» አለ። ጠርዙ ላይ አንድ ሰው ለብቻው ቆሟል፤ ፊቱ በጎን፣ ዓይኑ አንድ። በእኛ አሳሳል የጻድቃን ሁለቱም ዓይን ይታያል፤ አንድ ዓይን የሰይጣንና የከሃዲ ነው።

«እጠፈው ልጄ» አሉ እናትየው። «አባባን አጥር ሲገፋባቸው የኖረው ጎረቤት ነው።»

ልጁ ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ ሊወለውል ሲል እጁን ያዝኩት። እንዲህ ያለው የቤት ብጥብጥ ቀለም ውሃ ከነካው ይለቃል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ቀስ እያልን ስናነሳ ከሰውየው እግር ሥር በጥቁር ቀለም የተጻፈ ስም ብቅ አለ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። እናትየው ወንበሩን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ሰፈርተኛው የማያውቀው፣ የአባታቸው የክርስትና ስም ነበር። ጎረቤቶቻቸውን ሁሉ በሁለት ዓይን ስለው፣ አንድ ዓይኑን ለራሳቸው አስቀርተዋል። ያንን አጥር ገፊም ፈልገን አገኘነው፤ ከቦኖ ጠባቂው አጠገብ፣ ሙሉ ፊቱን ተስሎ።

አዲስ ፍሬም በልኩ ቆረጥን፤ የዋጋውን ልዩነት ቤቱ ቻለው። ኮምፔንሳቶ ላይ በኮላ አልለጠፍነውም፣ መስታወቱም ቀለሙን እንዳይነካ ክፍተት ተውንለት። አሁን ቤታችን የእጅ ሥዕል ሲመጣ ሜትር ከመዘርጋታችን በፊት አራቱን ጠርዝና ጀርባውን እናነባለን፤ ጽሑፍ ካለ ባለቤቱ ባለበት ፎቶ እናነሳዋለን።