በእመቤታችን አማላጅነት ባለቤቴ ከያዘው ፍርሃት ተፈታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። «እመቤቴ ሆይ፣ ባለቤቴን ከዚህ ፍርሃት ብታወጪልኝ ለደጅሽ ጃንጥላ አስገባለሁ፤ ያደረግሽልኝንም ለሰው እናገራለሁ» ብዬ ተስዬ ነበር። ጃንጥላውን አስገብቻለሁ፤ የቀረኝ መናገሩ ነው።

የተሳልኩበት ጉዳይ ላይ ላዩን ሲያዩት የመኪና ቁልፍ ነው። ለመኪና ቁልፍ ይህን ያህል ይለቀሳል ወይ የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ባለቤቴ ሁለት መኪኖች አሉት። አንዱ ሥራ የሚሄድበት ቶዮታ ኮሮላ ነው። ሁለተኛው ከአባቱ የወረሰው ሰማያዊ ቮልስ ነው። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መምህር ነበሩ። በንጉሡ ዘመን ከደመወዛቸው እየቆጠቡ የገዙት መኪና ነው፤ የስድስት ኪሎ ሰፈርተኛ እስከ ዛሬ «የመምህሩ ቮልስ» ይለዋል። ባለቤቴ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያደርገው ሸራውን መግለጥ ነው። በደረቅ ጨርቅ ይወለውለዋል፤ ከኋላ ያለውን የሞተር ክዳን ይከፍትና አስነሥቶ ጆሮውን አዘንብሎ ያዳምጠዋል። አንድ ካንዴላ ቢደክም ከድምፁ ይለየዋል። አባቱ ያስተማሩት እንዲህ ነው።

እንዲህ ያለ መኪና ቢሰበር ምትክ እንደማይገኝለት ሁላችንም እናውቃለን። የቮልስ ምርት በሜክሲኮ ፑዌብላ ከተማ ከተቋረጠ ቆይቷል፤ የመጨረሻው ከፋብሪካ የወጣው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ነው። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ውስጥ ሱቅ ለሱቅ ተዙሮ፣ አንዳንዴም ከሞተ መኪና ላይ ተፈትቶ የሚገኝ ነው። ኮሮላውም ቢሆን ዛሬ እንደ ቀላል የሚተካ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የአሮጌ መኪናን ግብር ሰማይ አደረሰው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ባለቤቴ ቁልፎቹን ለማንም አለመስጠቱን ሰው በዚህ ይተረጉመው ነበር። «መኪናውን ከሚስቱ አብልጦ ይወዳል» ተብሏል። የገዛ እህቴ ፊት ለፊቴ ብላኛለች። እኔ ግን የነገሩን ሥር አውቅ ስለነበር ይህን ስሰማ አንጀቴ ያርር ነበር።

ባለቤቴ አንድ ታናሽ ወንድም ነበረው። ከዩኒቨርሲቲ እንደ ተመረቀ አዳማ ሥራ ያዘ። ለጓደኛው ሠርግ ሚዜ ሊሆን ወደዚህ መጥቶ ሳለ ሲመለስ ዕቃውን የሚጭንበት መኪና ቸገረው። ባለቤቴ የዚያን ጊዜ የነበረውን የመጀመሪያ መኪናውን ቁልፍ በር ላይ ቆሞ በገዛ እጁ ሰጠው። «ቀስ ብለህ ንዳ» አለው። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ «እትዬ፣ ለቅዳሜ ሽሮ አቆይልኝ» ብሎኝ ሳቀ። ያኔ የፍጥነት መንገዱ ገና አልተከፈተም፤ አዳማ የሚወስደው የድሮው መንገድ ብቻ ነበር። ከጂቡቲ የሚመጣው የጭነት መኪና ሁሉ በዚያች ጠባብ አስፋልት ከቤት መኪናው ጋር እየተጋፋ ነበር የሚያልፈው። ዱከምን አልፎ ቢሾፍቱ ሳይገባ ሌላ ለመቅደም የወጣ የጭነት መኪና ፊት ለፊት መጣበት። ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ።

ባለቤቴ በለቅሶው ላይ አላለቀሰም። እንግዳ ሲቀበል፣ ድንኳን ሲያስተክል፣ እናቱን ሲደግፍ ሰነበተ። ከአርባው በኋላ አንድ ሌሊት ብቻ «በእጄ ሰጠሁት» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም።

ከዚያ ወዲህ የእርሱን መኪና ሌላ ሰው ሲነዳ ማየት አልቻለም። ጋራዥ ወስዶት መካኒኩ ፍሬኑን ለመሞከር አንድ ጊዜ ሰፈሩን ዞሮ ሊመለስ ሲወጣ አብሬው ነበርኩ። ባለቤቴ የጋራዡ በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ሸሚዙ ከጀርባው ላይ በላብ ተጣብቆ ነበር። ቮልሱ ተመልሶ እስኪቆም ድረስ ቀና አላለም።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ከጋብቻዬ በፊት ነው። የሌሊት ተረኛ ስሆን፣ አንዳንዴም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምጥ የጠናባት እናት አለች ተብዬ ስጠራ፣ ባለቤቴ አንድም ቀን «ዛሬስ ደክሞኛል» ብሎኝ አያውቅም። ጋቢውን ደርቦ ይነሣል፤ ሞተሩን ያሞቃል፤ በር ላይ አድርሶኝ ይመለሳል፤ ንጋት ላይ ደግሞ እዚያው ቆሞ ይጠብቀኛል። ታክሲ ልጥራ ብለው የማላውቀው ሹፌር ይዞኝ መሄዱን አይችለውም። ራሴ ልንዳ ብለው ፊቱ ይለወጣል። ዓመቱ ሲገፋ ሰውነቱ አለቀ። ቀን በሥራ ገበታው ላይ እንቅልፍ ይጥለው ጀመር። አንድ ሰው በፍቅር ሲሞት ማየት ከባድ ነው።

ሐኪምም አማክረናል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ድንገተኛ ሐዘን እንዲህ ያለ ፍርሃት ጥሎ እንደሚያልፍና መነጋገር እንደሚረዳ ነገሩን። እኔ ጸሎትና ሕክምና ይጣላሉ ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ በየቀኑ የማዋልደው በሁለቱም ነው። ባለቤቴ ግን ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ ስለ ሥራው ጫና ያወራና ይመለስ ነበር። የወንድሙን ስም አያነሣም።

በመጨረሻ ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። ቤታችን መጥተው ጸበል ረጩ፤ ሁለቱንም መኪኖች ባረኩ፤ ከዚያ ባለቤቴን ለብቻው ያዙት። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር የመጨረሻ ቃላቸውን ሰማሁ፦ «ልጄ፣ ቁልፉን የሰጠኸው አንተ ነህ። ነፍሱን የተቀበለው ግን እግዚአብሔር ነው። ሁለቱን አትቀላቅል።» ባለቤቴ ተቆጣ። እርሳቸውን ሸኝቶ ሲገባ አላናገረኝም፤ ለብዙ ቀን አኩርፎ ሰነበተ። እኔም የተበላሸ መሰለኝ።

ያ ጊዜ የፍልሰታ ጾም መግቢያ ነበር። ነሐሴ 1 ቀን ጀምሬ ሱባኤ ያዝኩ። ከሥራ ስወጣ ውዳሴ ማርያም ትርጓሜ እሰማለሁ፤ ቤት ስገባ ዳዊት እደግማለሁ። «መውጣትህንና መግባትህን ይጠብቃል» ከሚለው ቦታ ስደርስ ባለቤቴን በክርስትና ስሙ እየጠራሁ እሰግድ ነበር። ቁልፉን ስጪኝ ብዬ አልለመንኩም። «ይህ ሰው ይተኛ» ነበር የምለው። ስለቱንም የተሳልኩት በዚያ ሰሞን ነው።

ነሐሴ 16፣ የእመቤታችን የዕርገቷ በዓል ዕለት፣ ገና ሳይነጋ እንጦጦ ማርያም ለማስቀደስ ተነሣሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ በቀስታ ስወጣ ባለቤቴ ግቢው ውስጥ ቆሟል። የቮልሱን ሸራ ገልጦ አጥፎታል። ያደርሰኛል ብዬ ወደ ቀኝ በር ስሄድ ቀድሞኝ እዚያ ደረሰና ቁልፉን ዘረጋልኝ።

«አንቺ ንጂ» አለኝ።

ኮሮላውን ቢሰጠኝ በበቃኝ ነበር። እርሱ ግን የአባቱን ሰጠኝ። ጉልበቴ ተብረከረከ። ለምን ዛሬ ብዬ አልጠየቅኩትም፤ ብጠይቀው ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ ፈራሁ። ከሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ወንበሩን ራሱ ወደ ፊት ሳበልኝ። «ወደ ኋላ ለመውጣት ማርሹን መጀመሪያ ወደ ታች ጫን አድርጊው፤ ከዚያ ወደ ግራና ወደ ኋላ» አለኝ። እጁን በእጄ ላይ አድርጎ አሳየኝ። እጁ በረዶ ነበር።

ሽሮ ሜዳን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ጉም ወርዷል። መብራቱ ከባሕር ዛፉ ግንድ ግንዱን ብቻ እያሳየኝ ይሄዳል። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ስለሆነ ዳገት ላይ ውሃ ይፈላብኛል ብሎ መሥጋት አይኖርም። በሁለተኛ ማርሽ ረጋ ብዬ ያዝኩት። በየመታጠፊያው የባለቤቴ ቀኝ እግር ወለሉን ይረግጣል፤ በእርሱ በኩል ፍሬን የለም፣ ግን ይረግጣል። ከላይ መኪና በመጣ ቁጥር የጫማው ሶል ምንጣፉ ላይ ሲፋተግ ይሰማኛል። «አባታችን ሆይ» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ይጨርስና እንደገና ይጀምራል። አንድ ጊዜ እንኳ «አቁሚ» አላለኝም። ደጀ ሰላሙ ፊት ደርሰን የእጅ ፍሬኑን ስስብ «ደረስን?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ፊቱ ያለውን ቤተ ክርስቲያን እያየ።

ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት ደጅ ነው፤ ስንቱ ተስሎበታል። ባለቤቴ ከመኪናው ወርዶ ደጁን ሊሳለም ተንበረከከና እዚያው ቀረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በወንድሙ ለቅሶ ያልወጣ እንባ ያን ቀን ወጣ። አንዲት እናት መጥተው ነጠላቸውን በጀርባው ላይ ጣል አደረጉለት፤ ብርድ መስሏቸው ነው። እኔ አላነሣሁትም። ቅዳሴው እስኪገባ ድረስ አለቀሰ፤ የወንድሙንም ስም ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ከአፉ ሰማሁት።

ፍርሃቱ ያን ዕለት ተጠቅልሎ ሄደ ብዬ አልዋሽም። በሚቀጥለው ሳምንት ቁልፉን ሲሰጠኝ ጣቶቹ ቶሎ አልተላቀቁም። መጀመሪያ እርሱ አጠገቤ ሲቀመጥ፣ ቀጥሎ እስከ ሰፈሩ ሱቅ ብቻዬን ስሄድ፣ ከዚያ እስከ ሥራ ቦታዬ፣ እንዲህ እያለ ነው የሰፋው። ሐኪሙም ዘንድ ተመልሶ ሄደ፤ አሁን ስለ ወንድሙ ያወራል።

በጥቅምት ወር የንስሐ አባታችንን ይዘን በድሮው መንገድ ወደ ቢሾፍቱ ወረድን። ባለቤቴ ያን መንገድ ከአደጋው በኋላ ረግጦት አያውቅም፤ አዳማ ሲሄድ በፍጥነት መንገዱ ነበር የሚሄደው። የነዳሁት እኔ ነኝ። ቦታውን እርሱ አሳየን፤ የጤፍ ማሳ ዳር ነው። ጸሎተ ፍትሐት ደረሰ፤ ጸበል ተረጨ። የጭነት መኪኖቹ በአጠገባችን እየጮኹ ያልፉ ነበር፤ እርሱ ፊቱን ወደ እነርሱ አዙሮ ቆመ። ስንመለስ ቃሊቲ አካባቢ መንገዱ ተጨናንቆ ቆምን። አንድ ነገር ልጠይቀው ዞር ብል ተኝቷል። አንገቱ ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሏል፤ ቀኝ እግሩ ተዘርግቶ ወለሉ ላይ ተዝለፍልፏል። አባታችን ከኋላ ሆነው «ተይው፣ አትቀስቅሺው» አሉኝ። ለምኜ የነበረው ይህንን ነው፤ ከዚያ እስከ ቤቴ ድረስ እያለቀስኩ ነዳሁ።

ፈተናም መጥቷል። መገናኛ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ከኋላ መጥቶ የቮልሱን ፓራፋንጎ ጨረገደው። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን እስኪያነሣ ለባለቤቴ ደወልኩለት። «ደህና ነሽ? ያመመሽ ነገር አለ?» አለ። አለመጎዳቴን ስነግረው «ተመስገን፣ ተመስገን» እያለ ቆየ። ስለ ፓራፋንጎው የጠየቀኝ ማታ እራት ከበላን በኋላ ነው። በማግሥቱ ባትላሜራ ዘንድ ወስዶ አስጠገነው፤ ቁልፉንም እዚያው ለሠራተኛው ትቶ በእግሩ ወደ ቢሮው ሄደ። ይህን የነገረኝ ሠራተኛው ራሱ ነው።

አሁን በሌሊት ስጠራ ብቻዬን እሄዳለሁ። ጠዋት ስገባ ባለቤቴ እያንኮራፋ ነው። ሰውነቱ ተመልሷል። ሁለቱ ቁልፎች ከቅድስት ሥላሴ ሥዕል አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ተሰቅለዋል፤ ከእኛ የሚወጣ ሰው ያነሣቸዋል።

ትልቋ ልጃችን መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ነው። እሑድ እሑድ ሰፊ ሜዳ ፈልጎ በአያቷ ቮልስ የሚያለማምዳት አባቷ ነው። ፈተናዋ ከጥምቀት በኋላ ስለሆነ በጸሎታችሁ አስቧት፤ በመኪና አደጋ የወደቁትን ሁሉ፣ ከእነርሱም በኋላ በፍርሃት ታስረው የቀሩትን አባቶች፣ እናቶችና ወንድሞች አስቧቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።