ዛሬ ጣና ዳር

የተማሪዬን የመመረቂያ ጽሑፍ ሳነብ አንድ አንቀጽ ላይ ቆምኩ። ከ10 ዓመት በላይ ሐይቁን ስላስጨነቀው እምቦጭ የተባለ አረም ነው። ቋንቋው ድንገት ተለወጠ፤ የእሱ አይደለም። ጠየቅሁት። «ቃላቱን ቀይሬያቸዋለሁ እኮ መምህር» አለኝ። ከልቡ ነው። ቃሉ ቢቀየርም ሐሳቡ የሰው ከሆነ ባለቤቱ እዚያው ቦታ ላይ መጠቀስ አለበት፤ ምንጮቹን ጽሑፉ መጨረሻ ላይ መደርደር ብቻ አይበቃም። ይህን ቀድመን አላስተማርናቸውም፤ ያሳዝነኛል።

ሐይቁ ዳር ወጣን። ወረቀቱን አጥፎ በራሱ አፍ እንዲነግረኝ ለመንኩት። አባቱ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። እምቦጩ መረባቸውን እንዴት እንደሚይዝባቸው፣ የደንገል ታንኳቸው በምን ጭንቅ ዳር እንደሚደርስ ነገረኝ። ከቀዳው አንቀጽ በስንት እጥፍ ይሻላል! «ይሄንን ጻፈው» አልኩት። «ይሄማ የቤታችን ወሬ ነው» አለ። ግን ደብተሩን አወጣ። እስኪመሽ ጻፈ።