ኒያክ ሚትራ 2 አርሰናል 0

ልጅ ሆኜ የጀመርኩት አንድ ደብተር አለኝ። የአርሰናልን ጨዋታዎች የምጽፍበት ነው፤ ቀኑን፣ ተጋጣሚውን፣ ውጤቱን፣ ጎል ያገባውን ሰው። ሽፋኑ ሁለቴ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል፣ ጥጉ ላይ ሻይ ፈሶበታል። ያሸነፍንበትን በሰማያዊ፣ የተሸነፍንበትን በቀይ እስክሪብቶ ነው የምጽፈው። ዛሬ ማታ እኔ ሳልወለድ የተደረገ አንድ ጨዋታ በቀይ ልጽፍ ተቀመጥኩና እጄ እምቢ አለኝ።

ጨዋታው የተደረገው ሰኔ 9 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ጁን 16 ቀን 1983። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው። ቦታው ኢንዶኔዥያ፣ ሱራባያ ከተማ። ስታዲየሙ ጌሎራ 10 ኖቬምበር ይባላል፤ የከተማዋ ሰው በ1945 ከእንግሊዝ ጦር ጋር የተዋደቀበት ቀን መታሰቢያ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ በቴሪ ኒል የሚሰለጥነው አርሰናል በኒያክ ሚትራ 2 ለ 0 ተሸነፈ። አንዱን ፋንዲ አህመድ አገባ፣ ሌላውን ጆኮ ማሊስ። የወዳጅነት ጨዋታ እንደሆነ አውቃለሁ፣ የእኛ ልጆችም ረጅም የውድድር ዓመት ጨርሰው ነው የሄዱት። ቢሆንም ያሸነፋቸው ቡድን ዛሬ የለም፣ እኔን የያዘኝም ይሄ ነው።

ኒያክ የባለቤቱ የአሌክሳንደር ዌናስ የመዝናኛ ድርጅት ስም ነው። ሚትራ ደግሞ በእነሱ ቋንቋ ባልደረባ ማለት ነው። ቡድኑ የሚጫወተው ጋላታማ በሚባለው፣ በ1979 በተጀመረው ሊግ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው የከተሞች ውድድር ነው፣ ሱራባያም ከ1927 ጀምሮ ፐርሰባያ የሚባል የራሷ ቡድን አላት። ጋላታማ ግን የባለሀብቶች ቡድኖች ሊግ ነው። ኒያክ ሚትራ የ1980-82ን ዋንጫ ወሰደ፣ ቀጥሎም የ1982-83ን። ለሁለተኛው ከሲንጋፖር ሁለት ሰው አስመጥቶ ነበር፣ በረኛውን ዴቪድ ሊንና ፋንዲን። ፋንዲ ያኔ የሆላንዱ አያክስ ፈልጎት ሱራባያን የመረጠ ልጅ ነው! የአገሪቱ ፌዴሬሽን ለውጭ ተጫዋቾች በሩን ሲዘጋ ግን ወደ ሆላንድ፣ ግሮኒንገን ወደሚባል ክለብ ሄደ። አርሰናል ላይ ካገባ ከአራት ወር በኋላ በዩኤፋ ካፕ ኢንተር ሚላን ላይ አገባ።

ፋንዲ ሲሄድ ቡድኑ ያለቀለት ይመስላል፣ አላለቀለትም። በ1987-88 በአገሬው ልጆች ብቻ ሦስተኛውን ዋንጫ በላ። ከዚያ በ1990 ፈረሰ። የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው፣ ቢያንስ ወርዶ ወርዶ፣ እየተሸነፈ ቢሞት ይሻል ነበር፣ ሻምፒዮን በሆነ በሁለት ዓመቱ እንዴት ነው ሰው ቡድን የሚዘጋው? ሊጉ በጉቦና ጨዋታ በመሸጥ ስሙ ጠፍቶ ነበር፣ ተመልካቹም ሸሽቷል። እንደዚህ ሲሆን ባለቤቱ ኪሱን ይዘጋል። ፐርሰባያ ቢታመም ከተማው ሁሉ ይጮህለታል። ኒያክ ሚትራ ሲዘጋ አይሆንም የሚል ባለቤት ከዌናስ ሌላ አልነበረውም።

ከስሙ ሚትራ የምትለዋ ብቻ ተረፈች። በቦታው ሚትራ ሱራባያ የሚባል ቡድን ተተካ፣ እሱም ዞሮ ዞሮ ባህር ተሻግሮ ቦርኒዮ ገባና ሚትራ ኩካር ሆነ። ለሱራባያ ሰው ግን ይሄ የእሱ ቡድን ነው ማለት ይከብዳል፣ ለእኔም ከብዶኛል።

ደብተሩ ላይ መስመር ፈልጌ ቀኑን ጻፍኩ። ሱራባያ። ፋንዲ አህመድ፣ ጆኮ ማሊስ። ቀዩን እስክሪብቶ መልሼ ክዳኑን ገጠምኩት። ከተሸነፍንባቸው ጨዋታዎች ሁሉ በሰማያዊ የተጻፈው ይሄ አንድ ብቻ ነው።