ሊንጉዊኒው ለምን ታሊያቴሌ ሆነ?

አርብ ማታ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ። ቦሌ አካባቢ ባለ አንድ ከፍ ያለ የጣሊያን ምግብ ቤት የ12 ሰው የመሥሪያ ቤት እራት አለ። ሰባቱ የፍስክ ያዝዛሉ፣ አምስቱ ጾመኞች ናቸው። ከጾመኞቹ አንዷ ሊንጉዊኒ (ቀጭን፣ ጠፍጣፋና ረጅም ፓስታ) በእንጉዳይ፣ በነጭ ሽንኩርትና በወይራ ዘይት አዘዘች፤ "ቺዝ እንዳይገባበት" ብላም አስጠነቀቀች። አስተናጋጁ "እሺ" ብሎ ወረቀቱ ላይ "ሊንጉዊኒ እንጉዳይ፣ ያለ ቺዝ" ብሎ ጻፈ።

ምግቡ ቀረበ፣ ተበላ፣ ተወራ። ሳህኗ ሊጋመስ ሲል አጠገቧ የተቀመጡት፣ ሮም ብዙ ዓመት የኖሩ ሰው፣ በሹካቸው አንድ ክር አንስተው በመብራቱ አዩትና "እህቴ፣ ይሄ ሊንጉዊኒ አይደለም እኮ። በእንቁላል የተቦካ ነው" አሏት። ልክ ነበሩ። ሊንጉዊኒ ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሳህኑ ላይ ያለው ታሊያቴሌ የሚባለው፣ ሰፋ ያለና በእንቁላል የሚቦካ ፓስታ ነበር፤ በጣሊያኗ ከተማ በቦሎኛ ንግድ ምክር ቤት በ1972 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው የታሊያቴሌ ልክ ከተቀቀለ በኋላ 8 ሚሊ ሜትር ነው። በቀለም መለየት ግን ከባድ ነበር። አስኳሉ የፈዘዘ የእርባታ እንቁላል ሊጡን እምብዛም ቢጫ አያደርገውም፣ የምግብ ቤቱ መብራትም ደብዛዛ ነው።

"ጾሜን አስገደፋችሁኝ" አለች። አልጮኸችም፤ ሹካዋን አስቀመጠች እንጂ። ሥራ አስኪያጁ ሮጦ መጣ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሂሳቡን ሰረዘ፤ ከዚያም ለማካካስ ብሎ ቲራሚሱ የሚባለውን የጣሊያን ጣፋጭ አስመጣላት። ክሬሙ ማስካርፖኔ የሚባል ለስላሳ ቺዝ ነው፣ ውስጡ የእንቁላል አስኳል አለ፣ ብስኩቱም በእንቁላል የተሠራ ነው። ከዚህ በኋላ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሌሎቹ አራት ጾመኞችም ሳህናቸውን ገፉት።

በማግስቱ ጠዋት ነገሩ ከማብሰያው ክፍል ጀምሮ ተመረመረ። መጀመሪያ የተጠረጠረው አስተናጋጁ ነበር፤ ግን ምናሌው ላይ ያለው ሊንጉዊኒ ደረቅ ፓስታ ነው። በጣሊያን ሕግ ደረቅ ፓስታ ማለት ከዱረም ስንዴ (ጠንካራ የስንዴ ዓይነት) ሰሞሊና፣ ማለትም ሻካራ ዱቄት፣ እና ከውኃ የተሠራ ነው፤ እንቁላል ከገባበት ፓኬቱ ላይ ለብቻው ይጻፋል። ስለዚህ የታዘዘው ምግብ በመሠረቱ የጾም ነበር። የተለወጠው እሳቱ ላይ ነው።

የለወጠውም ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ፓኬቱ "9 ደቂቃ" ያለው ፓስታ እዚህ 12 ወይም 13 ደቂቃ ይፈልጋል። ጨው ውኃውን ያሞቀዋል የሚባለው ለዚህ አይጠቅምም፤ በሊትር 10 ግራም ጨው የመፍያውን ነጥብ የሚያነሳው ከቁብ በማይገባ መጠን ነው። ላዩ ላይ ደግሞ አምስት ሰው ፓስታ ሲታዘዝ ግማሽ ኪሎ ደረቅ ፓስታ በአንድ ጊዜ ይገባል፤ ውኃው ከ5 ሊትር ካነሰ ወይም እሳቱ ደካማ ከሆነ መፍላቱን ያቆምና ክሩ ይጣበቃል። ያን ምሽት የሆነው ይኸው ነበር። የመጀመሪያው ሊንጉዊኒ ተጣበቀ፣ ተጣለ። የሰባቱ ሰዎች የፍስክ ሳህን ማውጫው መስኮት ላይ ተደርድሮ መቀዝቀዝ ጀመረ። ሼፉ "የጠረጴዛ ስድስት የት አለ?" እያለ ነው። ፓስታ ላይ የተመደበው ልጅ ዞር ሲል ማቀዝቀዣው ውስጥ በየመጠኑ የተጠቀለለ ትኩስ (ያልደረቀ) ታሊያቴሌ አየ። እሱ 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ወረቀቱ የሚለው "ያለ ቺዝ" ነው፤ ቺዝ የማይወድ ሰው ደግሞ በየቀኑ አለ። ከተ፣ ቀቀለ፣ አወጣ።

የትኩስ ፓስታ ሊጥ ለ100 ግራም ዱቄት አንድ እንቁላል ነው የሚወስደው። ለአንድ ሰው 120 ግራም ሊጥ ከተመዘነ ሳህኑ ውስጥ የአንድ እንቁላል ሦስት አራተኛ ያህል አለ። "ትንሽ ነገር ነው" የሚባል አይደለም።

ሲመረመር ሌላም ወጣ። ልጁ መጨረሻ ላይ አንድ ማንኪያ የገበታ ቅቤ ጨምሮበታል። ማለትም ሊንጉዊኒው ሊንጉዊኒ ሆኖ ቢቀር ኖሮም ምግቡ የፍስክ ነበር። ቅቤው የገባው በእንጉዳዩ ምክንያት ነው። እንጉዳይ በጠባብ መጥበሻ ላይ ሲከመር ውኃ ይተፋል፣ ከመጠበስ ይልቅ ይቀቀላል፣ ጣዕሙ ይሟሽሻል፤ ኩክ ሁሉ ይህን የሚያክመው በቅቤ ነው። መጥበሻው ሰፊ ቢሆን፣ እንጉዳዩ በሁለት ዙር ቢገባና ጨዉ እንጉዳዩ ቡናማ ከሆነ በኋላ ቢነሰነስበት ቅቤውን የሚያስመኝ ነገር አይኖርም ነበር።

ስጎውን ማወፈሪያና ማያያዣ ደግሞ ፓስታው ራሱ ይሰጣል። ክሩ ሊበስል 2 ደቂቃ ሲቀረው ከውኃው ይወጣና ዘይቱና ነጭ ሽንኩርቱ ያለበት መጥበሻ ውስጥ ይገባል፤ ለአንድ ሰው ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሊትር የፓስታ ውኃ ይጨመርና በኃይለኛ እሳት እየተናወጠ ይጠናቀቃል። ስታርቹ ዘይቱንና ውኃውን ያያይዛቸዋል፣ ክሩ ያብለጨልጫል። እዚህ ላይ የሚበላሸው ጨዉ ነው፤ ውኃው ሲመጥ ጨዉ ስለሚከማች በዚህ መንገድ ለሚሠራ ፓስታ በሊትር ከ7 እስከ 8 ግራም ይበቃል። ሁለተኛው ነጭ ሽንኩርቱ ነው፤ ከቢጫ ካለፈ ይመራል፣ ያኔ ጥሎ እንደገና መጀመር ብቻ ነው መፍትሔው። በቺዝ ፋንታ የደቡብ ጣሊያን ድሆች ሲያደርጉት የኖሩት አለ፦ የትናንት ዳቦ ፍርፋሪ በወይራ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት ጥርስ ላይ እስኪንኮሻኮሽ ተቆልቶ ላዩ ላይ ይነሰነሳል። ዳቦው ወተት የሌለበት መሆኑ ይረጋገጥ እንጂ ከብዙ ቺዝ ይሻላል።

ምግብ ቤቱ ከዚያ በኋላ ያደረገው ብዙ አይደለም፣ ግን ሥራው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው ያደረገው። "ያለ ቺዝ" እና "ጾም" ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ሆኑ። እንግዳው ቺዝ እንዳይገባ ሲል፣ በተለይ ረቡዕና አርብ ወይም በዐቢይ ጾም፣ አስተናጋጁ "የጾም ይሁንልዎት?" ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ አዎ ከሆነ ወረቀቱ ላይ በትልቁ ጾም ተብሎ ይጻፋል፣ ሼፉም ጮክ ብሎ ያነበዋል። የጾም ፓስታ የሚቀቀልበት ድስት ለብቻው ተለየ። የፓስታ መቀቀያው ውስጥ ራቪዮሊ (በውስጡ መሙያ ያለው ፓስታ) ተቀድዶ ሪኮታ የሚባለው ቺዝ ከተበተነ፣ ከዚያ በኋላ እዚያ ውኃ ውስጥ የሚገባው ሁሉ የፍስክ ነው። ሰዓቱን ለማሸነፍ ደግሞ አርብ አርብ ደረቁ ሊንጉዊኒ ከአገልግሎት በፊት 7 ደቂቃ ያህል ይቀቀልና በሰፊ ትሪ ላይ በዘይት ተለውሶ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ትእዛዝ ሲመጣ 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ጣሊያኖች ይህን ሲያዩ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ትንሽ የክሩ ጥንካሬ ይጎዳል፣ እውነት ነው፤ ለ12 ሰው ጠረጴዛ ግን ከዚህ የተሻለ መላ የለም። ያደረው ለሠራተኛ ምሳ ይሆናል እንጂ ለእንግዳ አይቀርብም።

ምናሌው ሲፈተሽ ሥጋ የለበትም ተብሎ ለጾመኛ ሲሸጥ የኖረ ስንት ነገር ተገኘ። ፔስቶ የሚባለው ስጎ በሶብላ ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ውስጡ ፓርሜዛን ቺዝ አለ። የእንጉዳይ ሪዞቶ (የሩዝ ምግብ) በመጨረሻ ከእሳት ወርዶ በቀዝቃዛ ቅቤና በቺዝ ነው የሚለወሰው፣ የሚጨመርበት መረቅም ብዙ ጊዜ የዶሮ ነው። ኞኪ ድንች ነው፤ ቢሆንም ሊጡ እንዳይፈርስ እንቁላል የሚጨምሩበት ብዙ ናቸው። ሚኔስትሮኔ የአትክልት ሾርባ ይባላል፣ ድስቱ ውስጥ ግን የፓርሜዛን ቅርፊት ይጣልበታል። በአንጻሩ አራቢያታ (የሚያቃጥል የቲማቲም ስጎ)፣ አሊዮ ኦሊዮ (ነጭ ሽንኩርትና ዘይት) እና ፒዛ ማሪናራ ከጥንቱም ጾም ናቸው፤ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው። ዓሣን በተመለከተ እንግዶች ራሳቸው ስለማይስማሙ አስተናጋጁ ፈራጅ አይሆንም፤ አንቾቪ ካለበት "ዓሣ አለበት" ብሎ ይናገራል፣ ውሳኔው የእንግዳው ነው።

ለካሳ የሚቀርበው ጣፋጭ ነገርም ተለወጠ። የሎሚ ሶርቤቶ ውኃ፣ ስኳርና የሎሚ ጭማቂ ሲሆን ጾም ነው፤ እዚያው የሚሠራ ከሆነ ለማለስለስ የእንቁላል ነጭ እንዳልገባበት፣ በባልዲ የተገዛ ከሆነ ደግሞ የወተት ዱቄት እንደሌለበት መለያው ላይ ይነበባል። ካልተረጋገጠ ፓፓያና አናናስ በሎሚ፣ ከኤስፕሬሶ ጋር።