በርጩማው ላይ የሚቀመጡት ልጆች

ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እማዬ ቶናውን እየቀዳች ነው። አባዬ ወደ በሩ ጥግ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለልጆቹም ፈንዲሻ ስጧቸው እንጂ» አለ።

በሩ ጥግ ያለችው፣ ደህና በነበረበት ጊዜ ራሱ ከዋንዛ ጠርቦ የሠራት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ናት። ማንም አልተቀመጠባትም።

እማዬ ጀበናውን አስቀመጠች። «ያስፈራሉ እንዴ?» አለችው።

«ኧረ ምን ያስፈራሉ! ዝም ብለው ቁጭ ብለዋል።» ትንሽ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ አታያቸውም፣ አይደል?»

«አላያቸውም አባዬ።»

«በሽታው ነው እንግዲህ» አለና ስኒውን በሁለት እጁ ያዘ።

የዛሬ ዓመት ቢሆን ኖሮ ይህቺ ወሬ ቤቱን ታምሰው ነበር። እዚህ ለመድረስ ምን እንዳየን ዛሬ ልጻፈው።

አባዬን ፓርኪንሰን ከያዘው ስምንት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ መሮ የሚይዝበት ቀኝ እጁ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እርምጃው አጠረ፤ ፊቱም ፈገግታ አጣ። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን፣ እንቅስቃሴን የሚያግዝ ኬሚካል የሚያመነጩ ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ እንቅስቃሴ እንደሚታሰር ተነገረን። ስለ እጅ፣ ስለ እግር፣ ስለ መውደቅ ተነገረን። የሌለ ሰው ሊያይ እንደሚችል ግን ማንም አልነገረንም። በሽታውን በ1817 እ.ኤ.አ. የጻፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እንኳ የታማሚው አእምሮና ስሜት አይነካም ብሎ ነበር። ዛሬ እንደዚያ እንዳልሆነ ይታወቃል። ሕመሙ ዓመታት ሲያስቆጥር ወደ ግማሽ የሚጠጉት ታማሚዎች የሌለ ነገር ያያሉ ወይም የሌለ ነገር ያምናሉ። ይህን አስቀድሜ ባውቅ ስንት እንባ ይቀርልኝ ነበር።

አጀማመሩ እንዲህ በቀላሉ የሚታወቅ አይደለም። ከኋላው ሰው የቆመ ይመስለዋል። በጎኑ ድመት ሽው ብላ ያለፈች ይመስለዋል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካፖርት ሲመሽ ሰው ይሆንበታል። ይህን ሁሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብቆናል። ለምን እንደደበቀን ስጠይቀው፣ «አበደ እንዳትሉኝ ነዋ» አለኝ። አልፈርድበትም። እኛ ሰፈር እንዲህ የሚል ሰው ወይ ጅን ይዞታል፣ ወይ ነካ አድርጎታል ነው የሚባለው። እኔም ብሆን ያን ጊዜ ቢነግረኝ እንዲህ አላስብም ነበር ብዬ መማል አልችልም።

ባለፈው ሐምሌ ግን መደበቅ የማይቻልበት ደረጃ ላይ ደረሰ። መሮና መላጊያዬን ሰረቁኝ አለ። ቀጥሎ በእማዬ መጣ። «ማታ ማታ ወንድ ታስገቢያለሽ» አላት። አርባ ዓመት አብራው የኖረች፣ ቁልፉን የምትቆልፍለት፣ እህል የምታጎርሰው ሚስቱን! እማዬ መልስ አልሰጠችውም። ጓዳ ገብታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ድስቱ እሳት ላይ አልተጣደም፤ የሚሠራ ወጥም አልነበረም። ዝም ብላ ትከትፋለች። በኋላ ነው ሚስት ወይም ባል ማገጠ ብሎ ማመን በዚህ በሽታ የተለመደ መሆኑን የተማርነው።

አንድ ሌሊት ጮኸብን፣ በሩን ሊሰብር ታገለ። ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። እንዲረጋጋ ብለው ሃሎፔሪዶል ወጉት። አዎ፣ ተረጋጋ። በማግስቱ ግን አልጋው ላይ መገላበጥ አቃተው። ውሃ መዋጥ አልሆነለትም። እንጨት ሆነ። መድኃኒቱ ዶፓሚንን የሚያግድ ነው ለካ! አባዬ ደግሞ ዋና ሕመሙ የዶፓሚን እጥረት ነው። ፓርኪንሰን እንዳለበት ለሐኪሙ ነግሬ ነበር፤ ጮክ ብዬ አልተከራከርኩም እንጂ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ ያገኘናት ዶክተር የመጀመሪያ ጥያቄዋ ሌላ ነበር። «ጋሼ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ አምጡልኝ» አለች። በፌስታል ይዤ ሄድኩና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩት። አንድ በአንድ አነሳች። ለመንቀጥቀጡ ተብሎ የተጨመረለት አርቴን ላይ ስትደርስ ቆም አለች። አርቴን አዛውንት ሰውን ያምታታል፣ ያቃዣልም አለችን። ሽንቱን አስመረመረችው፤ ኢንፌክሽን ተገኘበት። ኢንፌክሽን ብቻውን፣ የሰውነት ውሃ ማነስ ብቻውን እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። ኢንፌክሽኑን አከመችው። አርቴኑን ቀስ በቀስ አስቆመችው። ዋናውን የፓርኪንሰን መድኃኒት፣ ሌቮዶፓውን ግን አልነካችውም። «ይህን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፤ በአንዴ ከተቋረጠ ትኩሳትና መገተር ያመጣል፣ ሊገድልም ይችላል» አለችን። የሌለ ነገር ማየቱን እንዲያስታግስለት ማታ ማታ ትንሽ ኩዌታፒን ጨመረችለት። ካልበቃው ክሎዛፒን የሚባል ሌላ መድኃኒት አለ፤ እሱ ግን ነጭ የደም ሕዋስን ስለሚቀንስ በየጊዜው ደም ማስቆጠር ይፈልጋል።

ለእማዬ የነገረቻት ነገር ለእኔ ከመድኃኒቱ እኩል ነው። «የለም ብለሽ አትሟገቺው። አያለሁ ብለሽም አትዋሺው። ፈርቶ እንደሆነ ጠይቂው።» ካፖርቱን ከግድግዳው አወረድነው። የኮሪደሩን አምፖል ደማቅ አደረግነው። ሌሊት ሲነሳ ጥላ እንዳይቀልድበት።

አሁን ሚስቱን አይጠረጥርም። ልጆቹ ይመጣሉ፤ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ አይመጡም። እኔ ደግሞ በየማታው እጠይቀዋለሁ፤ «አባዬ፣ ዛሬ ምን አየህ?» መጀመሪያ ያፍር ነበር። አሁን ይነግረኛል፤ የልጅቷ ሹራብ ቀይ እንደሆነ ሁሉ።

ዛሬ ማታ በረካው ሲቀዳ ግን እሱ ነው እኔን የጠየቀኝ። እማዬ ጓዳ ነበረች።

«ያን ጊዜ እናትሽን ያልኳት ነገር... ረስታዋለች?»

የምመልሰው ጠፋኝ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ቤቱ ጸጥ ብሏል። እማዬ ከጓዳ፣ «ቡናው ሳይበርድ ጠጣ» አለችው።