ዋርድ ላይ እጅ የሚያስረው ነገር

በጽሑፍ ፈተና ከክፍሏ አንደኛ የወጣች የነርሲንግ ተማሪ፣ ትሪዋን ይዛ ታካሚው አልጋ አጠገብ ስትደርስ የመጀመሪያው እርምጃ ይጠፋባታል። ጓንት ማድረግ ይቀድማል ወይስ ጥቅሉን መክፈት? አጠገቧ ያለ ሰው ሁሉ የሚላት አንድ ነገር ነው፦ «ተረጋጊ»። ምክሩ ክፋት የለውም፤ ግን ምን አድርጋ እንደምትረጋጋ አይነግራትም። በእኔ እምነት የነርሲንግ ተማሪዎች ጭንቀት አብዛኛው የሚመጣው ከአጠናናቸው ነው። የሚስተካከለውም ከዚያው ነው።

የርክስ እና ዶድሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1908 በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ትምህርቱ ቀላል ሲሆን ጠንከር ያለ የኤሌክትሪክ ንዝረት አይጦቹ ቶሎ እንዲማሩ አደረጋቸው። ትምህርቱ ሲከብድ ግን ያው ጠንካራ ንዝረት አዘገያቸው። ሰው አይጥ አይደለም፤ ዋርድ (ታካሚዎች የሚተኙበት ክፍል) ላይ የምናየው ግን ከዚህ ብዙ አይርቅም። አእምሯችን በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ጥቂት ነገር ነው፣ ከዚያች ጥቂት ቦታ ላይ ደግሞ ፍርሃት ድርሻውን ይወስዳል። እጃችሁ ሳታስቡበት የሚሠራው ነገር በበዛ ቁጥር፣ ስትፈሩም የሚበላሸው ያንሳል።

ከማንበብ እንጀምር። ብዙ ተማሪ የሚያጠናው ደብተሩን ደጋግሞ በማንበብና በማስመር ነው። ሮዲገር እና ካርፒክ በ2006 ባሳተሙት ጥናት ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡትን፣ አንብበው ወረቀቱን በመክደን ያስታወሱትን ከጻፉት ጋር አወዳደሩ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በግልጽ በለጡ። አታላዩ ነገር፣ ደጋግሞ ያነበበው ራሱን ከሁሉ የበለጠ አዋቂ አድርጎ መገመቱ ነው። ፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሲያነብ ያደረ ተማሪ ፈተናውን አልፎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዋርድ ላይ ባዶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንድ ምዕራፍ እንዳበቃችሁ ደብተሩን ዝጉና ባዶ ወረቀት ላይ የምታውቁትን ሁሉ ጻፉ። የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉት፤ በማግስቱ፣ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ያስጠላል፤ የሚሠራውም ስለሚከብድ ነው።

የመድኃኒት ስሌት ለብቻው ሊታይ ይገባል፤ ተማሪን ከሚያስፈሩት ነገሮች ሁሉ በትንሽ ልምምድ ፈጥኖ የሚቀለው እሱ ነውና። ዋናው ልማድ ከማስላት በፊት መገመት ነው። 14 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም ታዘዘ እንበል፤ 210 ሚሊግራም ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ 120 ሚሊግራም በ5 ሚሊ ሊትር ይላል። 210 የ120 እጥፍ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል፤ ስለዚህ መልሱ ከ10 ሚሊ ሊትር ትንሽ ማነስ አለበት። አሁን አስሉት፦ 210 ለ120 ተካፍሎ በ5 ሲባዛ 8.75 ሚሊ ሊትር። «በ5 ሚሊ ሊትር» የሚለውን ዘሎ 120ውን የአንድ ሚሊ ሊትር አድርጎ የወሰደ 1.75 ያገኛል፤ ሕፃኑም ከሚገባው አንድ አምስተኛውን ብቻ ይወስዳል። ቀድሞ የገመተ ሰው ይህን ስህተት ወዲያው ያየዋል።

ድሪፕም (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) እንዲሁ ነው። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚሰጥ የድሪፕ ቱቦ፦ በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃ 41.67፣ ማለትም 42 ጠብታ ያህል። በብዛት የሚሠራው ስህተት ሰዓቱን ወደ ደቂቃ አለመቀየር ነው፤ ያኔ 2500 ይመጣል። 2500 ጠብታ በደቂቃ ቆጥሮ የሚያውቅ የለም! አልጋው ጋ ቆማችሁ ስታስተካክሉ ደግሞ በ15 ሰከንድ ውስጥ 10 ወይም 11 ጠብታ መውረዱን እዩ። ስትጽፉ 0.5 እንጂ .5 አትበሉ፤ 5 እንጂ 5.0 አትበሉ። ነጥቧ ካልታየች መጠኑ በ10 ይባዛል። በየቀኑ 5 ጥያቄ፣ ያለ ካልኩሌተር፣ ለአንድ ወር ብትሠሩ ይህ ፍርሃት አብዛኛው ይወገዳል።

ስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ላይ ብዙ ጊዜ የሚባክነው በማየት ነው። አስተማሪው ያሳያል፣ 20 ተማሪ ይከባል፣ ሁለቱ ይሞክራሉ፣ ሰዓቱ ያልቃል። የፔይተን ዘዴ የሚባለው 4 ደረጃ አለው። መጀመሪያ አስተማሪው በተለመደው ፍጥነት ዝም ብሎ ይሠራል። ቀጥሎ እያንዳንዱን እርምጃ እያብራራ ይሠራል። ሦስተኛው ላይ ተማሪው በቃል ያዝዛል፣ አስተማሪው በታዘዘው መሠረት ይሠራል። በመጨረሻ ተማሪው ራሱ ይሠራል። ብዙ ቦታ የሚዘለለው ሦስተኛው ነው፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም የምመርጠው እሱን ነው። አፋችሁ ላይ ያልተደረደረ ቅደም ተከተል እጃችሁ ላይ አይደረደርም። ለዚህ አስተማሪ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሁለት ሆናችሁ ማታ ያለ ምንም ዕቃ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ለሴት ታካሚ የሽንት ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ) ማስገባትን ውሰዱ። ቼክሊስቱን በቃሉ የሸመደደ ተማሪም ሁለት ቦታ ላይ ይሰናከላል። አንደኛው፣ የብልቱን ከንፈር የከፈተው እጅ ከዚያ በኋላ ንጹሕ አለመሆኑን መርሳት ነው፤ ያ እጅ ካቴተሩ እስኪገባ እዚያው ይቆያል፣ ወደ ስቴራይል (ከጀርም ወደ ጸዳው) ትሪ አይመለስም። ተማሪው ሲደነግጥ ይለቀውና በዚያው እጅ ፎርሴፕስ ያነሳል። ሁለተኛው ባሉኑን፣ ማለትም ካቴተሩ እንዳይወጣ የሚይዘውን ጫፉ ላይ ያለ ፊኛ፣ ቸኩሎ መንፋት ነው። ሽንት ከታየ በኋላ ካቴተሩ ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲሜትር ወደፊት ይገፋል፣ ከዚያ በካቴተሩ ላይ በተጻፈው መጠን በስቴራይል ውኃ ይነፋል፤ አለበለዚያ ባሉኑ ሽንት ቧንቧው ውስጥ ተነፍቶ ይጎዳል። ካቴተሩ በስህተት ብልት ውስጥ ከገባ አታውጡት፤ ምልክት ሆኖ ይቆይና በአዲስ ካቴተር ከሱ በላይ ሞክሩ። ይህን የመውጫ መንገድ አስቀድሞ የሚያውቅ ተማሪ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ቢሳሳት እንኳ ቀጥሎ የሚያደርገውን ያውቃልና።

ቫይታል ሳይን (እንደ ትንፋሽ፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ያሉ ልኬቶች) ቀላል ስለሚመስል ይናቃል። የትንፋሽ ብዛትን ሳይቆጥሩ 18 ወይም 20 ብሎ መሙላት የተለመደ ነውር ነው። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛትም አያዋጣም፤ አንድ ትንፋሽ ቢያመልጣችሁ ውጤቱ በ4 ይዛባል። የልብ ምት ቆጥራችሁ ስትጨርሱ የታካሚውን እጅ ሳትለቁ ደረቱን እያያችሁ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል። የደም ግፊት ላይ ክንድ ላይ የሚጠቀለለው መለኪያ ጨርቅ ከጠበበ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል፣ ከልብ በታች የተንጠለጠለ እጅም እንዲሁ፣ ወሬም እንዲሁ።

ከፕሮሲጀር ይልቅ ሰው የሚያስፈራቸው ተማሪዎችም አሉ። ሐኪም መጥራት፣ ሲስተርን መጠየቅ፣ በታካሚ ፊት መጠየቅ። ለዚህ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ይዞ መግባት ይረዳል፦ «ሲስተር፣ ይህን ላብ ላይ ሠርቼዋለሁ፣ በታካሚ ላይ ግን የመጀመሪያዬ ነው፤ አብረውኝ ይቁሙልኝ።» የታካሚ ሁኔታ ሲለወጥ ደግሞ ኤስባር የሚባለው አቀራረብ፣ ማለትም አሁን ያለው ሁኔታ፣ የኋላ ታሪክ፣ ግምገማ እና የምትጠይቁት ነገር፣ ከመንተባተብ ያድናል። «ዶክተር፣ አልጋ 6 ያሉት ታካሚ የደም ግፊታቸው ከ130/80 ወደ 98/60 ወርዷል፣ የልብ ምታቸው ከ88 ወደ 122 ወጥቷል። የሆድ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ 6 ሰዓት ሆኗቸዋል። ቆዳቸው ቀዝቅዟል፣ ፋሻው በደም ርሷል፤ እየደሙ ይመስለኛል። አሁኑኑ መጥተው ይዩልኝ።» ከመደወላችሁ በፊት ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ። ብዙ ተማሪ የሚፈራው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ነው፤ ታካሚውን የሚያድነው ግን እሱ ነው።

ስለ እንቅልፍ ባጭሩ፦ 24 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጁና የዓይኑ ቅንጅት በደሙ ውስጥ 0.10 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በ1997 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የተማርነው የሚሰክነውም ስንተኛ ነው። ከናይት ዲውቲ (የሌሊት ተረኝነት) በኋላ ሳይተኙ ማጥናት እንቅልፉንም ትምህርቱንም ማጣት ነው።

ጭንቀት በእውነት አደገኛ የሚሆነው ሲያስደብቅ ነው። መርፌ የወጋው ተማሪ «ይገመግሙኛል» ብሎ ዝም ይላል፤ የብዙው አደጋ መነሻ የተጠቀሙበትን መርፌ መልሶ መክደን መሆኑን ስለሚያውቅ ያፍራል። ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውኃ እጠቡ፣ አትጭመቁት፣ ወዲያው አሳውቁ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ከ72 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። ለማፈር የምታባክኑት ሰዓት ከዚህ ላይ ይቀነሳል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ በተለመደው መርሐ ግብር በ0፣ በ1 እና በ6ኛ ወር ስለሚሰጥ ዋርድ ከመግባት ብዙ ቀደም ብሎ መጀመር አለበት።

እንቅልፍ ማጣቱ፣ ለምንም ነገር ፍላጎት ማጣቱና ተስፋ መቁረጡ በየቀኑ ለ2 ሳምንት ከቀጠለ ግን ጉዳዩ ከአጠናን አልፏል፤ ለሌላ ታካሚ እንደምትሉት ለራሳችሁም ወደ ሐኪም ሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ 2 ሳምንቱን አትጠብቁ።

ለአስተማሪዎች አንድ ነገር። የመለማመጃውን ቀንና የነጥብ መስጫውን ቀን ለዩ። ተማሪው መጀመሪያ ካቴተር ሲያስገባ አጠገቡ የቆመው ሰው ቼክሊስትና እስክሪብቶ ከያዘ፣ ተማሪው ያልገባውን አይጠይቅም፣ የተሳሳተውንም ይሸፍናል። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሙከራዎች ያለ ነጥብ አድርጓቸው፤ ታካሚው ፊት አትገሥጹ፣ ከክፍሉ ስትወጡ በዚያው ሰዓት ንገሩት።